ከተራራው አናት የሚመጣው ወሬ

ሳጅኑ ከተራራው ግርጌ ባለው ኬላ ቆሞ መኪና የሚያሳልፈው ይርዳው ከላይ በሚነግረው ወሬ ነበር። ይርዳው በማሰልጠኛ አንድ ድንኳን የተጋራው፣ ኋላም ልጁን ክርስትና ያነሳለት አበልጁ ነው። አሁን አናቱ ላይ ባለችው ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ተመድቦ የጉሙን ነገር በየማለዳው በስልክ ያስታውቀዋል።

የዚያን ቀንም፣ "ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ልቀቃቸው" አለው። ሳጅኑ ተሳፋሪ የሞላውን አውቶቡስ "እለፍ!" ብሎ በእጁ ምልክት ሰጥቶ አሳለፈ።

ሰዓት ሳይሞላ አውቶቡሱ ገደል ገባ። ሳጅኑ ሲደርስ ጉሙ የገዛ ጫማውን እንኳ አላሳየው አለ። ከስብርባሪው መሀል የወጣው ሹፌር፣ ሳጅኑ ሲጣራ ድምፁን ለይቶት፣ "እርስዎ አይደሉ እንዴ እለፍ ያሉኝ?" አለው።

"ድንገት ወርዶ ነው" አለ ሳጅኑ፣ ያን እጁን ኪሱ እየከተተ። አበልጁን መጠርጠር አልሆነለትም። እንዲያውም አንድ ነገር ቢያገኘው ነው ብሎ ሰጋና የመንገዱን ዳር እየዳበሰ ወደ ጣቢያዋ ወጣ።

በሩ ተቆልፏል። ጓጉንቸሩ ዝጓል፤ ደጃፉን ሣር ውጦታል። በአጠገቡ የሚያልፉ አንድ አዛውንት፣ "ማንን ፈልገህ ነው ልጄ? ክረምቱ ከወጣ ወዲህ እዚህ ቤት ሰው አላየንም" አሉት።

ሳጅኑ በሩን ተደግፎ ስልክ ደወለ።

"አበልጄ፣ የት ነህ?"

"የት እሆናለሁ? ጣቢያዬ በር ላይ ቆሜ ሰማዩን እያየሁ ነዋ!"