ብዪልኝ

በዚያ ዘመን የሰው ልብ ሲጨነቅ፣ ልብን ከሚከታተል የእጅ አምባር ውስጥ ባለቤቱ በመረጠው ሰው ድምፅ ይናገር ነበር። የፍሬሕይወት እናት ወይዘሮ ስንዱ የሟች ባላቸውን ድምፅ መረጡ።

አባቷ በሕይወት ሳሉ፣ የኤችአይቪ ቫይረስ ስንዱን አጥንትና ቆዳ ባደረገበት ጊዜ፣ ማንኪያ ይዘው “በሞቴ ብዪልኝ” እያሉ ይለምኑ ነበር። በኋላ መድኃኒቱ ለወይዘሮ ስንዱ ሥጋ መለሰላቸው። ጎረቤቱም “ስንዱ ተመቻት!” አለ። ሥጋው ግን እየጨመረ ሄዶ ልባቸውን ተጫነው።

ዛሬ ፍሬሕይወት ቅቤ የጠገበ ጨጨብሳ ሠርታ መጣች። እናቷ ሁለቴ እንደጎረሱ፣ አምባሩ በአባቷ ድምፅ “በቃሽ ስንዱዬ” አለ።

ወይዘሮ ስንዱ ወዲያው እጃቸውን ሰበሰቡ። መድኃኒታቸውን አንድ ቀን እንኳ አስተጓጉለው የማያውቁ ሴት ናቸው። ፍሬሕይወት በእናቷ ጽናት ሁሌም ትደነቃለች፤ ዛሬ ግን ጠየቀቻቸው።

“እማዬ፣ አባዬ ‘በቃሽ’ ሲልሽ አይከፋሽም?”

“ይከፋኛል እንጂ! ‘ብዪልኝ’ በለኝ ብዬ ስንቴ ለመንኩት። አምባሩ ያንን ቃል አያውቀውም።”

“ታዲያ ለምን አታወልቂውም? ማን ያይሻል?”

“አንቺን ለማየት መኖር አለብኝ” አሉና ሳቁ። ከዚያ ከጨጨብሳው ጠቅልለው እጃቸውን ወደ ልጃቸው አፍ ዘረጉ፤ ልክ እንደ አባቷ ድምፃቸውን አለስልሰው፦

“በሞቴ ብዪልኝ።”