የዘለልኳቸው አራት ዓመታት

በዚህ ዘመን የደም ጠብታ ምስጢር አትጠብቅም፤ ሰው በስንት ዓመቱ እንደተራበ በጂኑ ላይ በቀረው ምልክት ትናገራለች። ሕጉ ደግሞ ውጤቱ ለታማሚው አንድ መስመር ሳይቀር ጮክ ተብሎ ይነበብ ይላል።

የዶክትሬት ጥናቴ እነዚህ ምልክቶች የፕሮስቴት ካንሰርን እንዴት እንደሚቀሰቅሱ ነው። የስንቱን አባት ውጤት ድምፄ ሳይሰበር አንብቤያለሁ። ዛሬ ግን ተራው የአባዬ ነበርና ቤት ሄጄ፣ ምሳ እንደቀረበ ማንበብ ጀመርኩ።

አርባ አንድ ዓመቱ ላይ ስደርስ የሚቀጥለውን መስመር ዓይኔ ቀድሞ አየው፦ «ከአርባ ሁለት እስከ አርባ አምስት፣ ጽኑ ረሃብ።»

እኔ ዩኒቨርሲቲ የነበርኩባቸው ዓመታት ናቸው። ለእረፍት ስመጣ «እኔ በልቻለሁ፣ አንቺ ብዪ» እያለ ሳህኑን ወደ እኔ ይገፋው ነበር። እኔ ደግሞ ሽሮው ቀጠነ ብዬ አኮርፍ ነበር።

ፊቴ ጋለ። ዘልዬ አርባ ስድስትን አነበብኩ።

«አራት ዓመት ዘለልሽ፣ ትርንጎ» አለኝ። «ሕጉን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

አንገቴን ደፍቼ አነበብኩለት። አባዬ እስክጨርስ ጠበቀና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው።

«ማሽናችሁ ተሳስቷል» አለ። «እኔ በልቼ ነበር።»