ሽማግሌ ወደ ቴሌቪዥን

የቪዲዮ ጌም ፍቅረኛ ማግባት ከተፈቀደ ወዲህ ሕጉ ይኸው ነው፦ ከታጨች የጌሙ ታሪክ ይዘጋል። ሙሽራ ጦር ሜዳ ላይ አትሞትማ! ወንድሜ ናሁሰናይ ደግሞ ዛሬ ለጌም ፍቅረኛው ለሶልያና ሦስት ሽማግሌ ላከ። ወዴት? ወደ ሳሎናችን ቴሌቪዥን! አልቀለድኩም። ጋቢያቸውን ለብሰው ሶፋችን ላይ ተደርድረዋል።

ጌሙን አብረን ስንጀምር ያኔ ማንበብ ስለማልችል ንግግሩን ጮክ ብሎ ያነብልኝ ነበር። በጌሙ ውስጥ ያለችውን ከተማ ማን እንዳቃጠላት ሳንደርስበት ላናቆም ተማምለን ነበር። እሱ ግን ይኸው ወንዝ ዳር ተጎልቶ የሶልያናን ፀጉር ሲያደንቅ ዓመት አለፈው። ከኋላዋ ከተማዋ አሁንም ትጨሳለች።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ መታፈሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? እስኪ ዘርሽን ቁጠሪልን።»

ሶልያና ፈገግ አለች። «ዛሬ እንዴት አምሮብዎታል!»

«እ... እግዜር ይስጥልኝ። አባትሽስ?»

«እንደ እርስዎ የሚረዳኝ ሰው አላገኘሁም።»

«የጌሙ ሠሪዎች አባት አልጻፉላትም እኮ ጋሼ!» አልኩ። «ሽፋሽፍት ሲደረድሩላት ደክሟቸው ነው።»

«አንቺ፣ አፍሽን ያዢ!» አለኝ ናሁሰናይ።

ጋሽ መታፈሪያ ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ጉንጫቸው ቀልቷል። «ጨዋ ልጅ ናት» ብለው መረቁ።

እማዬ እልል አለች። ቴሌቪዥኑ ላይ «ታሪኩ ተዘግቷል» የሚል ጽሑፍ መጣ፤ ከሶልያና ኋላ የነበረው ጭስ ጠፋ፣ በቦታው አበባ በቀለ።

«ናሁዬ፣ ታዲያ ከተማዋን ማን አቃጠላት?»

ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም።

«የቷን ከተማ?» አለኝ።