በጃንሆይ አምላክ!

«አይሆንም አልኩህ እኮ!» አሉ ወይዘሮ ሽታዬ ከበረንዳቸው ሳይወርዱ። «የመስቀል እንግዳ አለብኝ። ልጅቷን ለአንተ ሰጥቼ እኔ ዕቃ ልጠብ እንዴ?»

ቡራሌ ጫማውን የግቢው በር ላይ አውልቆ፣ ፎጣውን ወገቡ ላይ አደግድጎ፣ የእንቁጣጣሽ እጅ መንሻ ያመጣትን ፍየል በገመድ እንደያዘ ግቢው መሐል ቆሟል።

«እሜቴ፣ እናትየው ልትሞት ነው። አሥራ አምስት ቀን ብቻ። ዓይኗን አይታ ትሙት።»

ልጁ ካልቱን በአሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር ከገጠር፣ ከጀልዴሳ መጥታ እዚህ ከተማ፣ ከዚራ ሰፈር፣ የወይዘሮዋ ቤት የገባችው። የሳቸውን መሬት የሚያርስ ጭሰኛ እህሉን ያካፍላል፣ ከዚያ ጉልበቱን ይሰጣል፤ በመሬቱ ላይ መቆየት የፈለገ ደግሞ ልጁን ይሰጣል። ማን እንደደነገገው የሚያውቅ የለም፣ ግን ሁሉም ያደርገዋል። አራት ዓመት ሙሉ ቡራሌ በየእንቁጣጣሹ ፍየል እየጎተተ መጥቶ፣ ልጁን በሩቁ አይቶ ተመልሷል።

ሳሎን ውስጥ ሬዲዮኑ ከማለዳ ጀምሮ ማርሽ ሲያስጮህ ነበር። አሁን ማርሹ ቆመና አንድ ሰው ማንበብ ጀመረ። ወይዘሮ ሽታዬ እጃቸውን አንሥተው ቡራሌን ዝም አሰኙት።

የሰውየው አማርኛ ከባድ ነው፤ የቡራሌ የገበያ አማርኛ አልደረሰበትም። ስለዚህ የእሜቴን ፊት አየ። መጀመሪያ የተነሣው እጅ ወረደ። ቀጥሎ እሳቸው ራሳቸው፣ ያንን የዓመት በዓል ቀሚስ እንደለበሱ፣ የበሩ ደፍ ላይ ዝርፍጥ አሉ። እሜቴ መሬት ላይ ሲቀመጡ አይቶ አያውቅም።

«ምንድነው?» አለው ዘበኛውን ክፍሌን፣ በሹክሹክታ።

«ጃንሆይን አወረዷቸው።»

«ሞቱ?»

«ወረዱ አልኩህ! ወታደሩ አወረዳቸው።»

«ወላሂ?»

ክፍሌ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ፤ ደግሞ አወለቀ። ቡራሌ ተወልዶ ጸጉሩ እስኪሸብት የሚያውቀው አንድ ንጉሥ ነው። ንጉሥ ከሞት በቀር በሌላ ነገር ይወርዳል ብሎ አስቦ አያውቅም።

ካልቱን ከጓሮ ወጣች። እጆቿ ላይ የሳሙና አረፋ አለ፤ ሌላ የያዘችው ነገር የለም። ሰምታለች። በእሜቴ ፊት አልፋ መጣችና አባቷን በሶማልኛ «አቦ፣ እንሂድ» አለችው። መልሱን ሳትጠብቅ ወደ በሩ ሄደች። እሱም ተከተላት፤ ወስኖ አይደለም፣ ልጁ ስለሄደች ነው።

«አንተ! ወዴት ነው? ክፍሌ፣ በሩን ዝጋው!»

ክፍሌ ኮፍያውን እያገላበጠ ያያል። ስለ በር የሰማ ሰው አይመስልም።

ወይዘሮ ሽታዬ ተነሥተው ጮኹ፦ «በጃንሆይ አምላክ! ቁም!»

የቡራሌ ቀኝ እግር አየር ላይ ቀረ።

ይህን ቃል የሰማ ሁሉ ይቆማል። ሌባ ይቆማል፣ ዱላ ያነሣ ባል ይቆማል፤ ሰምቶ ያለፈ ወየውለት። የእሜቴ ባል፣ ሟቹ ፊታውራሪ፣ አንድ ጊዜ እርሻው ላይ በአለንጋ ሲገርፉት፣ ሦስተኛው ካረፈበት በኋላ ቡራሌ «በጃንሆይ አምላክ!» ብሎ ጮኾ ነበር። አራተኛው ከፊታውራሪው ራስ በላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ቡራሌ በዕድሜው ከጌቶቹ እኩል የያዘው ነገር ቢኖር ይኸው ቃል ነው።

እግሩን አንጠልጥሎ ጠበቀ። ውጭ ጋሪ አለፈ፣ ባቡር ጣቢያው በኩል ፉጨት ተሰማ። ጃንሆይንም አምላካቸውንም የማታውቀው ፍየል ገመዷን ወጥራ ከበሩ ወጥታለች። ዞር ብሎ አየ። ወይዘሮ ሽታዬ በገዛ ቃላቸው ደንግጠው አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል። እሳቸውም እንደሱ ይጠብቃሉ፤ ቃሉ ዛሬም ይሠራ እንደሆነ።

እግሩን አወረደ። ጠጠሩ ተንኮሻኮሸ። ምንም አልሆነም።

ካልቱን ውጭ ሆና እየሳቀች ታለቅሳለች። እሱ መሳቅም ማልቀስም አቃተው። በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አለው። ጫማውን ሊያጠልቅ በሩ ላይ ጎንበስ ሲል፣ ነገ አንድ ሰው እጁን ቢያነሣበት ምን ብሎ እንደሚጮህ አሰበ። አፉን ከፈተ፤ የሚወጣ ቃል አጣ።

ጀርባው ላይ ያሉት ሦስት ጠባሳዎች አሳከኩት። ያኔ ሳያርፍበት የቀረው አራተኛው አለንጋ እስካሁን አየር ላይ ያለ መሰለውና፣ እንዳጎነበሰ ቀስ ብሎ ቀና ብሎ አየ።