ያለፈችው ደቂቃ

ፈድሉ ብንን ሲል ጣቱ አሁንም የማስታወቂያው ቁልፍ አጠገብ ነበረች። የመኪና ውድድሩን ከሜዳው በቀጥታ የሚያስተላልፈው ሰውዬ «እንመለሳለን» ብሎ ለየከተማው ሬዲዮ ማስታወቂያ የለቀቃት አንድ ደቂቃ ግን ጭጭ እንዳለች አልፋለች፤ መኪኖቹ ተመልካች በሌለበት ሜዳ እያጓሩ መዞራቸውን ቀጥለዋል። ያቺ ደቂቃ የእትዬ ረሒማ ነበረች። የሰው ሞት በየቀኑ በሚሰማበት በዚያ የኮሮና ዓመት ደጅ ጠንቶ ማስታወቂያውን የሸጠላቸው እሱ፣ ስቱዲዮ ተቀምጦ ቁልፉን የሚጫነውም እሱ ነበር፤ ሌሎቹ ሠራተኞች ተቀንሰዋል። ዊትኒ የሚባለው ሰፈር ካለው የእሳቸው ጎማ ቤት በቀር ለውድድሩ የቀረ ደንበኛም አልነበረም።

ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ ከጠራ በኋላ አነሳው።

«እትዬ፣ ወላሂ ይቅር ይበሉኝ። ከሆቴል ሺፍት ወጥቼ ሳላርፍ ነው የመጣሁት፤ እንቅልፍ ጣለኝ። በሚቀጥለው እረፍት ሁለቴ አስተላልፍልዎታለሁ።»

 

«ማስታወቂያውን ተወው» አሉ እትዬ ረሒማ። «ሬዲዮው ጭጭ ሲልብኝ፣ አንተም የሞትክ መስሎኝ ነው የደወልኩት።»