አሥረኛው ሟች

ዘውድነሽ ባሏን ሽበሺን ከቀበረች በሦስተኛው ቀን፣ የመንደሩ ሽማግሌ ጋሽ ደምሰው የመንገድ ላይ ሟቾችን መዝጋቢ አስከትለው ወደ ለቅሶው ድንኳን ገቡ። በዚያ ዘመን የጥገና በጀት የሚደለድለው ማሽን አሥር ሰው ያልሞተበትን መንገድ አያስጠግንም ነበር። የእነሱ መንገድ የበላው ገና ዘጠኝ ነው።

“ልጄ፣ ሽበሺ የሞተው እዚያው መንገዱ ላይ ነው በይ” አሏት።

“ጋሼ፣ ጉድጓድ የሸሸ መኪና እዚያ ገጨው እንጂ የሞተውማ አልጋው ላይ ነው። ሁለት ቀን በማንኪያ ውሃ ሳጠጣው ቆይቼ፣ እጄን እንደያዘ ነው ያረፈው።”

“አልጋ ላይ የሞተ አይቆጠርም” አለ መዝጋቢው ከያዘው ስክሪን ቀና ሳይል።

“ታዲያ ሌላ ሰው እስኪሞት እንጠብቅ?” አሉ ሽማግሌው።

ዘውድነሽ በዚያ መንገድ ትምህርት ቤት የምትመላለሰውን ልጇን ዞር ብላ አየቻት።

“መንገድ ላይ ነው የሞተው” አለችና አውራ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች።

“አሥር ሞላ!” አለ መዝጋቢው።

አንዲት ጎረቤት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። ዘውድነሽ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

“ውጡልኝ!” ብላ ጮኸች። ሁሉንም ከድንኳኑ አስወጣችና ከልጇ ጋር ለብቻቸው አለቀሱ።