ቀኑ ያለፈበት አረንጓዴ ከረጢት

ስክሪኑ ድንገት ሰማያዊ ሆነ፤ መቁረጫውም ናሱን እንደነከሰ ቀጥ አለ። ከጧት ጀምሮ አራተኛው መሆኑ ነው።

«ይኸው፣ ደግሞ ሞተ!» አለች ሱዩን፣ የተበላሸውን የቧንቧ መክፈቻ አውጥታ ከውዳቂው ላይ እየወረወረች። «ነገ ጧት መኪናው ሊጭን ይመጣል፣ ሁለት መቶ ይጎድለኛል። ይሄ ደንበኛ ከሸሸኝ ወርክሾፑን መዝጋት ነው እንግዲህ።»

ኩንሊ ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጧል። በቻንግዋ ከተማ ኮምፒዩተር ሲጠግን ሃያ ዓመቱ ነው፤ የዚህን ቤት ኮምፒዩተር ግን ገና ዛሬ መንካቱ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ የሚነካው ጓደኛው ጂንሃይ፣ የሱዩን ባል፣ ብቻ ነበር። ከሞተ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከኮምፒዩተሩ አናት ላይ አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት ተቀምጧል። ስሙ «ጨዋ ሁን» ማለት ነው። ማሽኑ እንዳያስቸግር ብሎ ማሽን ያለው ሰው ሁሉ ያስቀምጠዋል፤ አይበላም፣ ቀኑ ሲያልፍም በአዲስ ይለወጣል። የዚህኛው ቀን ካለፈ ቆይቷል።

«እትዬ፣ ይሄን ምነው ሳይለውጡት?»

«አንተም እንደ ሠራተኞቼ ልትሆን ነው? ‹ማሽኑ የሚሞተው በሱ ነው› እያሉ ሦስቴ አዲስ ገዙልኝ። ሦስቱንም በላሁት።»

ኩንሊ ከረጢቱን ጠጋ ብሎ አየው። በወፍራም እስክሪብቶ፣ በጂንሃይ የተንጋደደ የእጅ ጽሑፍ «አደራ፣ እንዳታሳፍረኝ» ተጽፎበታል።

ወደ ስክሪኑ ተመለሰ። ኮምፒዩተር ሲሞት የገደለውን ስም ጽፎ ነው የሚሞተው። ባለፈው ወር ሲስተሙ በራሱ ከታደሰ ወዲህ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሞቷል፤ በሠላሳ አንዱም ላይ የተጻፈው አንድ ስም ነው። ድራይቨሩ ነው፤ ኮምፒዩተሩና ማሽኑ እንዲግባቡ በመካከል ቆሞ የሚያስተረጉመው። ጂንሃይ ራሱ የጻፈው።

«ምን ይላል? እኔ እንደሆነ የፈረንጅ ፊደል አላነብም።»

«አርጅቷል» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። ምላሱ እምቢ አለው።

«ስምዎን ነው የሚለው፣ እትዬ። ድራይቨሩን ሱዩን ብሎታል።»

ሱዩን እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ደግማ ጠረገች።

«የተጋባንበትን ቀን የማያስታውስ ሰውዬ!» አለች። «ታዲያ ሠላሳ አንድ ጊዜ የገደልኩት እኔ ነኛ?»

«እርስዎ ምን አደረጉ? ሲስተሙ ታድሶ ቤቱ ሌላ ሆኗል። እሱ የሚያውቀው የድሮውን ነው። የኔ ክፍል ነው ብሎ ሲገባ የሌላ ሰው ይሆናል።»

«አስተካክልለታ።»

«እንዴት አድርጎ እንደጻፈው አላስቀረልንም። በጭንቅላቱ ይዞት ሄደ።» ኩንሊ ከቦርሳው ኮምፒዩተሩን ከማሽኑ የሚያገናኝ አዲስ ካርድ አወጣ። «ይሄ የራሱ ድራይቨር አለው። ግን ሁለቱ አብረው አይኖሩም፤ ያኛው መጥፋት አለበት። ከፈለጉ ግልባጩን ላስቀምጥልዎ።»

«ሥራ ፈትቶ እንዲቀመጥ? እሱ ሥራ ፈት አይወድም ነበር።»

ካርዱን ለወጠ። ስክሪኑ፦ ይጥፋ ወይ? ብሎ ሲጠይቅ፣ ሱዩን የኩንሊን እጅ ገለል አድርጋ ቁልፉን በራሷ ጣት ተጫነች።

ማሽኑ ተነሣ። አሥር ቆረጠ፣ ሃያ ቆረጠ፣ አርባ። ሰማያዊው አልመጣም። ሠራተኞቹ ከወዲያ በኩል አጨበጨቡ።

እሷ ከረጢቱን አወረደችው። አቧራውን በሽርጧ አበሰች፤ ጽሑፉን እንዳትነካ ተጠንቅቃ ከጫፉ ቀደደችውና አንዱን አፏ ውስጥ ከተተች።

«ለስልሷል» አለች። «እንካ፣ ብቻዬን አልጨርሰውም።»

ኩንሊ ተቀበላት። ቆመው በሉት። ሲያልቅ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ የደረት ኪሷ ውስጥ አስገባችው።

ማሽኑ ሳያቋርጥ ይቆርጣል። ከኮምፒዩተሩ አናት ላይ፣ በአቧራው መካከል፣ አንድ የከረጢት ስፋት ያህል ንጹሕ ቦታ ቀርቷል።